ፀዳለ አድራሻውን በገበያ ስም የሠራችበት ሳምንት

መርሳ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስገባ ሰማያዊ በር ያላት ቤት አለች። ከበሩ በላይ «ፀዳለ የጽሕፈትና ኮፒ አገልግሎት» ይላል። ባለቤቷ ፀዳለ በዚህ ታሪክ ጊዜ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት የሀብሩን ወረዳ ሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች፤ የድንበር ክርክር፣ የቆጣሪ ጥያቄ፣ የጠፋ መታወቂያ፣ መታረቅ ያቃታቸው ባልና ሚስት። መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይቺ ሴት ሰው ሲናገር ጣቷ ይቀድመዋል። ባለጉዳዩ ዙሪያ ጥምጥም ሲዞር እሷ ዋናውን ነገር መጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች።

በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ኮፒ ማሽኗም ኮምፒውተሮቿም ተዘረፉ። ላፕቶፗን ብቻ በፌስታል ጠቅልላ ከጎተራ ውስጥ፣ ማሽላ ሥር ቀብራ አተረፈቻት። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ስልክ የለ፣ መብራት የለ። አዳማ ያለው ታናሽ ወንድሟ በረከት እህቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ከረመ። መስመሩ ተመልሶ ድምጿን የሰማ ዕለት ሰው መሀል ቆሞ አለቀሰ። «አንድ ቦታ ስሜ ተጽፎ ቢያይ ኖሮ ይበቃው ነበር» የምትለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብላም አልቀረች። ማታ ማታ በስልኳ ቪዲዮ እያየች ድረ ገጽ መሥራት ተማረች። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ወልድያ ያለ የባጃጅ ጠጋኝ ነበር፤ ሰውየው የፈለገው ፎቶው ትልቅ እንዲሆንለት ብቻ ነው። ሆነለት።

ነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ሰው ወደ ደቡብ ወረደ። ወልድያም ስትጨነቅ ብዙው እስከ መርሳ መጣ። ክረምት ነውና ትምህርት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ፣ ሰው በየክፍሉ ገባ። መዝገቡን የያዙት ጋሽ አበባው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፣ መስመር ከመስመር ዝንፍ የማይልባቸው። ፀዳለ መዝገባቸውን ለምና ወስዳ፣ የሰዎቹን ፈቃድ ጠይቃ፣ በሦስት ቀን ኢንተርኔት ላይ አወጣችው። ገጹን «አለን» አለችው። አንድ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ስም።

ደስታዋ እስከ ቅዳሜ ቆየ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሲቲ እንድሪስ በሩ ላይ ቆሙ። ከጎብዬ የተፈናቀሉ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ስልሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው ሰው የሚወጋ። ጥይቱ የቀረበ ዕለት እሳቸው ከጎረቤት ጋር ወደ ወልድያ መንገድ ሲወጡ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ኢብቲሳም ማሳ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ስምንተኛ ቀናቸው ነበር።

«ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሏት።

ለማን እንደሆነ ጠየቀች። ከወልድያ ወዲያ መንገድ ለሚጠብቅ ወታደር ሁሉ ነው አሏት። ልጃቸው ቤት ዘግታ እናቷን እየጠበቀች ነው፤ ሄደው ሊያመጧት ነው።

«ከወልድያ ወዲያማ ውጊያ ነው እትዬ።»

«ለዚያ አይደል ማመልከቻ የምልሽ።»

ፀዳለ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻ አልጽፍም አለች። ልጅቱ ምናልባት ከሌላው ሰው ጋር በዞብል በኩል ወደ አፋር ወጥታ ይሆናል፣ ምናልባት አሁን እሷም እናቷን እየፈለገች ነው ብላ ለመነቻቸው። ሲቲ አላመኑም፤ ግን የለመናቸውን ሰው ፊት መንሳት አልለመዱምና ቀን ቆረጡላት። እስከ ጁምዓ። ጁምዓ ካለፈ ማመልከቻ ኖረ አልኖረ በእግራቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ጉዳዩ ይሄው ነው። ስድስት ቀን።

ሴትዮዋ እንደወጡ ፀዳለ ስልኳን አንስታ፣ ራሷን ኢብቲሳም አድርጋ፣ ጉግል ላይ የእናቲቱን ስም ጻፈች። የዘፈን ቪዲዮ መጣ፣ የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ መጣ፣ የማታውቃቸው ሦስት ሲቲዎች መጡ። የራሷ ገጽ የለም። ከጎብዬ የመጡ የአሥር ሰው ስም ሞከረች። አንዱም የለም። ያን ሁሉ ስም እዚያው ከጎተራ ማሽላ ሥር ቀብራው ኖሯል።

ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ገጹን የሠራችው እንደ ጋሽ አበባው መዝገብ ነበር። ስሞቹ የሚታዩት ሰው ገብቶ መፈለጊያ ሳጥኗ ላይ ሲጽፍ ብቻ ነው። ጉግል ደግሞ ሳጥን አይሞላም፤ እንደ መንገደኛ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየረገጠ ነው የሚሄደው፣ እሷ ደግሞ የሚረገጥ መንገድ አልሠራችለትም። የእያንዳንዱ ሰው አድራሻም ቢሆን «መጠለያ/2/ክፍል/7/1437» የሚል ነበር። ይሄ ለዱቄት አዳይ ይመቻል። ክፍል ሰባት ማን እንዳለ ያወቀ ዘመድማ ምን ፍለጋ ይወጣል?

በነጋታው ደግሞ ባሰ። መጠለያ ሁለት የነበሩት ሰዎች ወደ ሐራ አቅጣጫ ወደተከፈተው ካምፕ ተዛወሩ፣ ጋሽ አበባውም መዝገቡን በታማኝነት አስተካከሉ። ፀዳለ ገጹን በመዝገቡ ስታስተካክል የሁለት መቶ ሰው አድራሻ አብሮ ተቀየረ። እሑድ ከሰዓት አንድ ሰው ከሎግያ ደንግጦ ደወለ። ትናንት በቴሌግራም የተላከለት ሊንክ ላይ የእህቱን ስም አይቶ ነበር፤ ዛሬ ሲከፍተው ገጹ የለም። የሞተች መስሎት ነው። ፀዳለ እህቱ ደህና እንደሆነች፣ ቦታ ብቻ እንደቀየረች እየማለች አረጋጋችው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ላፕቶፑን ከፍቶ መነካካት ይጀምራል። ፀዳለ ግን ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። ወንበሯን ደጃፍ ላይ አውጥታ፣ ደብተር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው ሲጠይቅ ማዳመጥ ያዘች። መናኸሪያው አፍ ላይ ናትና ዘመድ ፈላጊው ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። እስኪመሽ ስልሳ አንድ ሰው ጠየቃት። የጠየቁትን እንደ ቃላቸው ጻፈች። «የሮቢት ገበያ ሰው ናቸው፣ ሀብቴ ይባላሉ፣ በግ ነጋዴው።» «ጎብዬ ገበያ ጌሾ የምትሸጠው ሙሉ።» «ከሳንቃ ገበያ፣ የበላይ ልጅ፣ ልብስ ሰፊው።»

ቀበሌ በቁጥር የጠራ አንድም ሰው የለም። የመጠለያ ስም ያነሳ የለም። ሁሉም ከገበያው ይነሳል፣ ከዚያ ስም ወይም የአባት ስም፣ ከዚያ የሚሠራው ሥራ። የአገራችን ገበሬ ቀበሌው ሦስት ጊዜ ስም ቢቀየርበት ደንታም የለው፤ ገበያው ግን አያቱ የወጣበት ገበያ ነው። ያችን ምሽት ደብተሩን ደግማ ደጋግማ አነበበችና ብቻዋን ሳቀች። ፈላጊው አድራሻውን አፉ ላይ ይዞት ነው የሚዞረው፤ የእሷ ሥራ እሱኑ መጻፍ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለጋሽ አበባው ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ገበያ የመንግሥት መዋቅር አይደለም።»

«ኢብቲሳምም የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«ቁጥር አይደገምም፤ ስም ይደገማል። ሁለት ሲቲ እንድሪስ ቢኖሩስ?»

«ለዚያ ሥራቸው አለ። አንዷ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ አንዷ ቅቤ።»

«ይቺ ሴት ኢንተርኔቱን ገበያ ልታወጣው ነው» አሉ ለራሳቸው። ሆኖም ኮታቸውን ለበሱ፤ መዝገቡ ላይ ገበያ የሚል ዓምድ ስላልነበረ የመርሳውንም የሐራውንም መጠለያ ክፍል ለክፍል ዞሮ መጠየቅ ነበረባቸውና።

እስከ ረቡዕ በዝናብ ዞሩ። ጥያቄው ሰዉን እንዴት እንዳፍታታው ብታዩ። ስንት ልጅ፣ ስንት ፍራሽ እየተባለ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ሰው፣ ገበያህ የት ነው ሲባል ቀና ይላል። አንድ አዛውንት ዓሪፍ የሚባሉ «ገበያዬማ ሮቢት ነው፤ ጎብዬ የምወርደው ለጨው ብቻ ነው» ብለው ጀመሩና የሮቢትን በግ ከጎብዬ በግ እስኪያበላልጡ ድረስ ክፍሉ በክርክር ተሞላ። የጎብዬ ሴቶች ደግሞ ዓሪፍ ለጨው ሳይሆን ለሌላ ነገር የወረዱባቸውን ቀናት እየቆጠሩ አበሸቋቸው። ጋሽ አበባው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

የዓሪፍ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ሁለት ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ፀዳለ ለአንድ ሰው ሁለት ገጽ ብትሠራ ጉግል የትኛውን ይዞ የትኛውን ይተው ግራ ይገባዋል፣ ፈላጊውም አንድ ሰው ሁለት ይሆንበታል። ስለዚህ እንዲህ ወሰነች። ዋና ገበያው የሰውየው ቤት ነው፤ ገጹ እዚያ ብቻ ይኖራል። ሌላው ገበያ ላይ ስሙ ይዘረዘራል፣ ሲነካ ግን ወደ ዋናው ቤት ይወስዳል። ዓሪፍ ጎብዬ ዝርዝር ውስጥም አሉ፣ ቤታቸው ግን ሮቢት ነው። ለጨው ብቻ እንደሚወርዱት ማለት ነው።

ረቡዕ ቀን ሱቋን ዘግታ ጻፈችው። «አለን» ብሎ የገባ ሰው መጀመሪያ የገበያዎቹን ስም ያገኛል፤ ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ሳንቃ። አንዱን ሲነካ የዚያ ገበያ ሰዎች በሙሉ ይዘረዘራሉ፤ ስም ሲነካ የሰውየው የራሱ ገጽ። ሦስት እርምጃ፣ ሁሉም በሊንክ የተያያዘ፣ ጉግል ረግጦ የሚደርስበት። የእትዬ ሲቲ አድራሻ «ጎብዬ/ሲቲ-እንድሪስ-ሽንኩርት» ሆነ። የገጹ አናት ላይም ያው ቃል በትልቁ ተጻፈ። መጠለያው ከአድራሻውም ከገጹም ወጣ። ዛሬ ሐራ ያለ ነገ ግራና ከተማ ሊሄድ ይችላል፣ ገበያው ግን ከጎብዬ አይነቃነቅም። ደግሞስ በጦርነት ጊዜ ሰው ያለበትን ክፍል ለዓለም ማን ይናገራል? ገጹ ላይ ያለው ስልክ የእሷ የፀዳለ ነው፤ ደዋዩን አጣርታ ታገናኛለች።

አሮጌዎቹን አድራሻዎችም አልጣለቻቸውም። በየቴሌግራሙ ተበትነዋልና የተነካው ሁሉ ወደ አዲሱ ገጽ እንዲያሻግር አደረገች፤ ያ የሎግያው ሰው ዳግመኛ እንዳይደነግጥ። ከዚያ የገጾቹን ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጋ ለጉግል ማስገባት ጀመረች። ፋይሉ ገብቶ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፗ ላይ የቀረው ባትሪ ሩብ እንኳ አይሞላም። በስልኳ ዳታ ጨረሰችው።

ሐሙስ ጋሽ አበባው አንዱን ሊንክ ቀድተው ለወንድማቸው ልጅ ላኩና ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። የአማርኛው አድራሻ ቴሌግራሙ ላይ ሲለጠፍ የፐርሰንት ምልክትና የቁጥር ክምር ሆኖባቸዋል።

«ጎብዬ ብዬ ልኬ ይሄ ምንድነው የሚያሳየኝ? የባንክ ወለድ ነው?»

ለማሽን ያው ጎብዬ እንደሆነ፣ ሲነካ ትክክል እንደሚከፍት አሳየቻቸው። ሁለት ጊዜ ነክተው አረጋገጡ፣ ሦስተኛም ነኩ። ከዚያ ፀዳለ ጉግል ላይ ሞከረች። ምንም የለም። ከሰዓት ሞከረች፤ የለም። ማታ ሞከረች፤ የለም። ሲቲ በዚያው ዕለት ጓዛቸውን በነጠላ ሲቋጥሩ ያዩ ሰዎች ነገሯት።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ጎብዬ ሲቲ እንድሪስ» ብላ ጻፈች። ከሁሉም በላይ፣ ከዘፈኑም ከማስታወቂያውም በላይ፣ «ሲቲ እንድሪስ፣ ሽንኩርት ነጋዴ፣ የጎብዬ ገበያ» የሚል መጣ። ሮቢት ሀብቴ በግ ብላ ጻፈች፤ መጣ። ጎብዬ ሙሉ ጌሾ፤ መጣ። ጎማ ጠጋኙ ድምጿን ሰምቶ ሲወጣ ደጃፏ ላይ እያጨበጨበች አገኛት። ምን እንደሆነች ሲጠይቃት መንገዱ ተከፈተ አለችው፤ እሱም የወልድያው መስሎት ለሾፌሮቹ ሊነግር ሮጠ።

ግን መገኘት አንድ ነገር ነው፣ ፈላጊ መምጣት ሌላ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ጁምዓ ተሰገደ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሲቲ ቋጠሯቸውን ተሸክመው መጡ፣ ፀዳለን ግንባሯን ሳሟት። ቃሏን እንደጠበቀች፣ የቀረውን አላህ ያውቃል አሏት። ፀዳለ ውጤቱን በስልኳ አሳየቻቸው። ፊደል አያነቡም፤ ግን ጣታቸውን ስማቸው ላይ አኑረው ቆዩ። አንድ ቀን ጨምሩልኝ ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ወልድያ ሚኒባስ ሄዱ።

ስልኩ የጮኸው ሲቲ መንገዱን ተሻግረው ሚኒባሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። የማታውቀው ቁጥር።

«ሲቲ እንድሪስን የምትፈልጉ ይላል» አለች ቀጭን ድምፅ። «ልጃቸው ነኝ። ያሉት እናንተ ጋ ነው?»

ፀዳለ ሥራዋን አልረሳችም። እናትሽ ገበያ ላይ የት ነው የሚቀመጡት ብላ ጠየቀች።

«ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከዘሀራ ጎን። በየሳምንቱ በቦታ ይጣላሉ። አሉ ወይ?»

ፀዳለ መልስ የሰጠችው እየሮጠች ነው። መናኸሪያውን በጭቃው መሀል፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ባጃጅ እየጮኸባት ተሻገረች። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ በሩን እየገፋ ነበር። በሩን በክርኗ ይዛ፣ ስልኩን በሦስት ሰው ትከሻ ላይ አሳልፋ ለሲቲ አቀበለች። ኢብቲሳም ናት ብቻ አለች።

ሲቲ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ኢብቲ፣ በልተሻል?»

ከወዲያ የተመለሰው ለቅሶ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ሲቲ አላለቀሱም። አዳመጡ፣ ሁለት ጊዜ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ከዚያ ቁጣቸው መጣ።

«ሚሌ? አንቺ ሚሌ ምን ልትሠሪ ሄድሽ? እኔ እዚህ ቤት ነሽ እያልኩ ወታደር ልለማመጥልሽ ነው።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም፣ ሾፌሩም። ኢብቲሳም ከዞብል ወዲያ ከሸሹት ጋር አራት ቀን ተጉዛ አፋር ውስጥ ሚሌ ደርሳ፣ ሁሪያ በምትባል ሴት ምግብ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። በየቀኑ በሁሪያ ስልክ የእናቷን ስም ትጽፋለች፤ በየቀኑ ዘፈን ይመጣል። ዛሬ ግን ሰው ገበያ መሀል እንደሚጠይቀው አድርጋ፣ ጎብዬ፣ ሲቲ እንድሪስ፣ ሽንኩርት ብላ ጻፈች።

ሲቲ ቋጠሯቸውን አቅፈው ወረዱና ለሚሌ የትኛው መኪና እንደሚሻል ጠየቁ። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ መለሰላቸው፤ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ። ረዳቱ ራሱ ቋጠሯቸውን ነጥቆ ወደ ደሴው መኪና አደረሰላቸው። ጋሽ አበባው የመጡት በዚህ መሀል ነው፤ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ፀዳለ» አሉ በመጨረሻ፣ «መዝገቤ ላይ ገበያ የሚል ዓምድ በቀይ አስምሬ ልጨምር ነው።»

ሲቲ በደሴው መኪና መስኮት በኩል እጇን ያዟት። ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ ማመልከቻ እንደሚያስጽፏት ነገሯት፤ ዘሀራ ከግድግዳው ሥር እንድትነሳላቸው። ፀዳለ በነጻ እጽፍልዎታለሁ አለች። መኪናው ወጣ። እሷ ጭቃው መሀል በአንድ ጫማ ቆማ ሳቋን ማቆም አቃታት፤ የሚያልፈው ሰው ዞር እያለ አያት፣ ሳቋ ተጋብቶበትም ሄደ።

ሱቋ ስትመለስ ሁሉን ሰምተው ከወልድያው ሚኒባስ የወረዱ አራት ሴቶች በሩ ላይ ተሰልፈው አገኘቻቸው፤ እኛንም ጻፊን አሉ። ስልኳን ሲቲ መልሰውላት በኪሷ ነበር። አውጥታ ስታየው በዚያች ግማሽ ሰዓት ሰባት ጥሪ አምልጧታል፤ ሁለቱ ከሰመራ፣ አንዱ ከውጭ አገር፣ የቀሩት ከማታውቀው ቦታ። ለሴቶቹ ወንበር ሳበችላቸው፣ ጭቃ የያዘውን እግሯን ሳትታጠብ ተቀመጠች፣ የመጀመሪያውን ቁጥር መልሳ ደወለች።